«ለአደን» የተባለ ጠመንጃ ስንት ጥይት ይጎርሳል?

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2011 በአንድ ሰው እጅ 77 ሰዎችን አጣች። 8ቱ ዋና ከተማዋ ኦስሎ ላይ በፈነዳ ቦምብ፣ 69ኙ ደግሞ ዑቶያ በምትባል ትንሽ ደሴት፣ የአንድ ፓርቲ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ካምፕ ላይ በተከፈተ ጥቃት ነበር የሞቱት። ገዳዩ ደሴቲቱ ላይ ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ ሩገር ሚኒ 14 የሚባል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃው ከጥቁር ገበያ የተገዛ አልነበረም። በሕጋዊ ፈቃድ የተገዛ ነው፤ ለፈቃዱ የተሰጠው ምክንያትም የአጋዘን አደን ነበር።

ይህ ለብዙ ሰው እንደ ዝርዝር ጉዳይ የሚታይ ነገር ነው። ዋናው ጥያቄ ግን እዚያው ውስጥ አለ። ቅጹ ላይ «ለምን ይፈለጋል?» ተብሎ ተጠየቀ፤ «ለአደን» ተብሎ ተመለሰ፤ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ። ቀጣዩን ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። የቱን አውሬ? ከምን ያህል ርቀት? አንድን አጋዘን ለመጣልስ ስንት ጥይት ያስፈልጋል?

የመሣሪያ ሕግ ክርክር በየአገሩ የሚሄደው በሁለት ጽንፍ ነው። አንዱ ወገን መሣሪያ ሁሉ ይሰብሰብ ይላል፤ ሌላው መሣሪያዬን የነካ ነፃነቴን ነካ ይላል። በመሐል ያለው አዳኝ ደግሞ የሁለቱም መከራከሪያ ሆኖ ይቀራል። አደን ግን የራሱ ሙያና የራሱ ልክ ያለው ሥራ ነው። ያ ልክ በሕግ ቢጻፍ እውነተኛው አዳኝ የሚያጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ «አደን» በሚለው ቃል የሚሸሸገው ሰው ግን መሸሸጊያውን ያጣል።

ነገሩ አጎራረሱ ላይ ነው

ስለ ጠመንጃ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ጥይቱ ትልቅነት ወይም ስለ ጠመንጃው መልክ ነው። ሙያተኛ አዳኝ ግን ቀድሞ የሚጠይቀው አንዱ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀጥለው እንዴት እንደሚጎርስ ነው።

የኢትዮጵያ ገጠር ይህን ልዩነት ገና ድሮ በስም ለይቶታል። ስናድርና ውጅግራ አንድ ጎራሽ ናቸው፤ ተኩሶ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ማጉረስ ግድ ነው። ምንሽርና ቤልጅግ በአንድ ሙሌት አምስት ስድስት ጥይት ይይዛሉ፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ መቀባበል አለባቸው። ሲሞኖቭ የተባለው ኤስኬኤስ 10 ጥይት ይይዝና አንዴ ከተቀባበለ በኋላ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሱ እየጎረሰ ይተኩሳል፤ ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ይህ ነው። ክላሽ ደግሞ 30 ጥይት በሚይዝ ካዝና፣ ተኳሹ ከፈለገ ምላጩን እስኪለቅ ድረስ ያርከፈክፋል።

ከስናድር እስከ ክላሽ ያለው መንገድ የፍጥነት መንገድ ነው። ይህ ፍጥነት የተፈለገው ለጦር ሜዳ ነበር። አውሬ መልሶ አይተኩስም፤ ምሽግም አይቆፍርም። ስለዚህ አዳኝ የሚመርጠው ከዚህ መንገድ የቱ ላይ እንደሚቆም በአውሬው ጠባይ ይወሰናል።

መራጩ አውሬው ነው

ጅግራና ቆቅ የሚታደኑት ርሳስ በሚበትን ጠመንጃ ነው፤ ባለ ሁለት አፉ ለዚህ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ በቂ ሆኖ ኖሯል። ከሣር ውስጥ ድንገት ቱር ብሎ የተነሳ የቆቅ መንጋ ሁለት ተኩስ ከተተኮሰ በኋላ ከክልል ውጪ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ጥይት ብዙ ጊዜ የሚያቆስለው እንጂ የሚጥለው ወፍ የለም።

ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ለሚታደን ድኩላ መሰል አውሬ ርቀቱ አጭር ነው፤ አዳኙም ፈጣንና ቀላል ጠመንጃ ይፈልጋል። የሰሜን አሜሪካ አዳኞች ለዚህ ሲሉ በካውቦይ ፊልም የሚታወቀውን፣ ከምላጩ ሥር ያለው ዘንግ ወደ ታች ተስቦ የሚቀባበለውን ጠመንጃ ለምደዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው ዊንቸስተር የዚህ ዓይነቱ ዋና ነው። ጥይቶቹ በርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ተከታትለው ስለሚደረደሩ ጫፋቸው ጠፍጣፋ እንዲሆን ተደርጓል፤ ሹል ቢሆን የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ቀለህ መቀስቀሻ ነክቶ ሊያፈነዳው ይችላል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጥይት ደግሞ አየሩን ሰንጥቆ ሩቅ ለመሄድ አይመችም። ጠመንጃው ለጫካ የተመቸውን ያህል ለገደል ማዶ አይሆንም።

ለገደል ማዶ የሚሆነው በእጅ የሚቀባበለው የምንሽር ዓይነት ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚገኘውን፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይኖረውን የደጋ አጋዘን በፈቃድ ለማደን የሚመጡ የውጭ አዳኞች በብዛት የሚይዙት ይህንኑ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የጠመንጃው ጉሮሮ በወፍራም ብረት ተቆልፏል፤ ወዲያ ወዲህ የሚል ክፍል ስለሌለ ምቱ ከጥይት ጥይት ብዙ አይለያይም፤ ብርድና ጭቃም በቀላሉ አያስቆመውም። አዳኙ ቀናትን በእግሩ ተጉዞ፣ ነፋሱን አይቶ፣ አስታው ውስጥ ተደብቆ የሚያገኘው ዕድል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ያ ዕድል ከከሸፈ ወይም አውሬው ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ ካዝናው ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ብዛት ነገሩን አይመልሱትም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ቆስሎ ያመለጠ አውሬ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ክፍያው የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። አዳኙ ለመጀመሪያዋ ጥይት ኃላፊ እንዲሆን ነው።

ጎሽና ዝሆን የተለየ ነገር ናቸው። እዚህ ላይ ሁለተኛዋ ጥይት የአዳኙን ነፍስ ልታተርፍ ትችላለች። ታዲያ ሙያው ለዚህ ያመጣው መፍትሔ 30 ጎራሽ አይደለም። ሁለት በርሜልና ሁለት ምላጭ ያለው ከባድ ጠመንጃ ነው፤ አንዱ ወገን ቢከሽፍ ሌላው ራሱን ችሎ ይተኩሳል። ወይም ደግሞ ጥይቱን ከካዝናው ጀምሮ አንቆ ይዞ የሚያጎርስ የማውዘር ዓይነት፣ በእጅ የሚቀባበል ትልቅ ጠመንጃ ነው። ሞት በሃያ ሜትር ርቀት በሚመጣበት አደን እንኳ ሙያው የመረጠው ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት የታመኑ ጥይቶችን ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአፍሪካ ከ1,000 በላይ ዝሆን የገደለው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል አብዛኛውን የገደለው በትንሹ የ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነበር። የዝሆንን ራስ ቅል ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደሚገኝ አጥንቷል። የዚያ ዘመን የዝሆን ጥርስ ንግድ ዛሬ የሚያኮራ አይደለም። ሆኖም «ትልቅ አውሬ ብዙ እሳት ይፈልጋል» ለሚለው ወሬ ከእሱ የተሻለ ማፍረሻ የለም።

አንድ ሐቅ መካድ ግን አይገባም። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በእርግጥ የሚጠቅምበት ሥራ አለ። በአሜሪካ ቴክሳስ እርሻ የሚያወድም የዱር አሳማ መንጋን ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ መተኮስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተፈቅዷል። መንጋው በአንድ ጊዜ ካልተመታ ተበትኖ በሌላ እርሻ ላይ ይወርዳል። ይሁንና ይህ ተባይ ማጥፋት ነው። ሥራው ሌላ ስለሆነ ፈቃዱም ሌላ መሆን አለበት።

አዳኞች ራሳቸው ያሰመሩት መስመር

የጥይት ብዛት ይገደብ የሚለው ሐሳብ ጠመንጃ የሚጠሉ ሰዎች ያመጡት የሚመስለው ብዙ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተፈረመው የአውሮፓ የዱር አራዊት ጥበቃ ስምምነት፣ የበርን ስምምነት የሚባለው፣ ከተከለከሉ የአደን መንገዶች ዝርዝር ውስጥ ካዝናው ከሁለት ጥይት በላይ የሚይዝ ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያን አስፍሯል። በአሜሪካ ደግሞ ከአገር አገር የሚፈልሱ ወፎችን የሚያድን ሰው ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ መወተፍ ያለበት እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ነው።

ይህን የአሜሪካ ሕግ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በብዙ ግዛቶች 30 ጥይት የሚይዝ ካዝና ከሱቅ መግዛት ይቻላል። ያው ገዢ ዳክዬ ሊተኩስ ሲሄድ ግን ሦስት ጥይት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ዳክዬዎቹ እንዳያልቁ የተሰጋላቸውን ያህል የትምህርት ቤት ልጆች አልተሰጋላቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፔንሲልቬንያ ታሪክም ይጨመር። ግዛቲቱ አዳኞች ከፊል አውቶማቲክ እንዳይጠቀሙ ለረጅም ዘመን ከልክላ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2017 ክልከላውን ለማንሳት ተነሳች። ለትንንሽ አውሬ ተፈቀደ። ለአጋዘን ግን ሳይፈቀድ ቀረ፤ ያስቀረውም የአዳኞቹ የራሳቸው ተቃውሞ ነው። በጫካው ውስጥ አብሮ የሚውል ሰው ዛፍ ለዛፍ የሚያርከፈክፍ ጎረቤት አይፈልግም።

ሁለት አገሮች፣ ሁለት መንገዶች

ሕግ ይህን መስመር ሲከተል ምን እንደሚመስል ኒውዚላንድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ከተማ ሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሰዎች ተገደሉ። ገዳዩ የያዘው ፈቃድ ማንኛውም አዳኝ የሚያወጣው ተራ ፈቃድ ነበር። ሕጉ በዚያ ፈቃድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በትንሽ ካዝና እንዲገዛ ይፈቅድ ነበር፤ ትልቁን ካዝና ለብቻው ለመግዛት ደግሞ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር። የአደን ጠመንጃን የጦር መሣሪያ ለማድረግ ካዝና መቀየር ብቻ ይበቃ ነበር ማለት ነው።

ምክር ቤቱ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 10 ቀን፣ በ119 ድምፅ ድጋፍና በ1 ተቃውሞ አዲስ ሕግ አወጣ። መስመሩ የተሰመረው በአጎራረስና በካዝና መጠን ነው። አብዛኛው ከፊል አውቶማቲክ ታገደ። ጥንቸል የሚታደንበት ትንሹ የ.22 ጠመንጃ እስከ 10 ጥይት፣ ርሳስ የሚበትነው ደግሞ ከራሱ በማይነቀል ካዝና እስከ 5 ጥይት ድረስ ተፈቀደ። በእጅ የሚቀባበለው አልተነካም። በተባይ ማጥፋት ሙያ ለሚተዳደሩ ልዩ ፈቃድ ተዘጋጀ። መንግሥት ገንዘብ ከፍሎ ወደ 56,000 የሚጠጉ መሣሪያዎችን ሰበሰበ።

የኒውዚላንድ አዳኝ በዚህ ሕግ ጠፋ? አልጠፋም። ከውጭ ገብቶ ተራራዋን ያጥለቀለቀው አጋዘን ዛሬም ይታደናል። ደግሞም የዚያች አገር መንግሥት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደመወዝ እየከፈለ አጋዘን ያስገድላቸው የነበሩ ስመ ጥር አዳኞች በትከሻቸው ይዘውት የዞሩት በእጅ የሚቀባበለውን የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ፣ ሊ ኤንፊልድን ነበር።

ካናዳ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ 22 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ መንግሥት በስም የተዘረዘሩ ወደ 1,500 የሚደርሱ የመሣሪያ ሞዴሎችን አገደ። በ2022 መጨረሻ ዝርዝሩን በሰፊው የሚያራዝም ማሻሻያ ቀረበ። በዝርዝሩ ውስጥ በእጅ የሚቀባበሉ አንዳንድ የትልቅ አውሬ ጠመንጃዎች፣ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ለቀለባቸው የሚያድኑበት ኤስኬኤስም ሳይቀር ተገኘ። ነባር ሕዝቦቹና የገጠሩ አዳኞች ተቆጡ፤ ማሻሻያው በፌብሩዋሪ 2023 ተነሳ። ስም የሚከተል ሕግ ስሙን በቀየረ ፋብሪካ ይታለላል፤ አዳኙንና ነፍሰ ገዳዩን በአንድ ገመድ ያስራል፤ በመጨረሻም የሚያስፈልገውን የአዳኝ ድጋፍ ያጣል።

ተቃውሞዎቹ

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ሰው ካልከፋ መሣሪያ አይገድልም፤ ክፉ ሰው በምንሽርም ይገድላል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይገድላል። ነገር ግን በየተኩሱ መቀባበል ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሰው ይሸሻል፣ በር ይዘጋል፣ ደፋር ሰው ይደርሳል። የሚገደበው የክፋቱ መጠን አይደለም፤ ክፋቱ በአንድ ደቂቃ የሚደርስበት ሰው ብዛት ነው።

ሁለተኛው ፈጣን ሁለተኛ ተኩስ የቆሰለ አውሬን ከስቃይ ያሳርፋል የሚል ነው። ክርክሩ ክብደት አለው። መልሱ ግን የበርን ስምምነት ያስቀመጠው ልክ ውስጥ ይገኛል። ከፊል አውቶማቲክ የሚይዝ አዳኝ ጠመንጃው ውስጥ ካለችው ሌላ ሁለት በካዝናው ቢኖረው ለቆሰለ አውሬ በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው አዳኝ የሚያስፈልገው ኢላማ መለማመጃ ሜዳ ነው።

ሦስተኛው የድሃ ገበሬ ነው። ገበሬው ጠመንጃ መርጦ አይገዛም፤ ያገኘውን ነው የሚይዘው። ከርከሮና ዝንጀሮ ማሳውን ሲያወድሙበት የአጎራረስ ዓይነት እንዲመርጥ መጠየቅ የከተሜ ቅንጦት ይመስላል። ይህ ተቃውሞ ነው ነገሩን ወደ ኢትዮጵያ የሚያመጣው።

ክላሽና አደን በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ አደን የጀግንነት መለኪያ ነበር። ዝሆን ገዳይ፣ አንበሳ ገዳይ፣ ጎሽ ገዳይ ተብሎ የሚፎከረው፣ ግዳይ የሚቆጠረው ሰውየው ከአውሬው ጋር ተቀራርቦ፣ በጦር ወይም በአንድ ጎራሽ ራሱን ለአደጋ አጋልጦ ስለ ነበር ነው። መሣሪያው ዘገምተኛ መሆኑ ለአውሬውም ዕድል፣ ለገዳዩም ክብር ነበረው።

ያ ዘመን አልፏል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከፈረሰው ሠራዊት እጅ የወጣው መሣሪያ በገጠሩ ተበተነ። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የደጋ አጋዘን ቁጥር ክፉኛ ያሽቆለቆለው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህም በባቢሌ ዝሆኖች፣ በደቡብና በምዕራብ ቆላ ፓርኮች የሚደርሰው ጉዳት ላይ ክላሽ የታጠቀ ሰው እጅ አለ። በነዚህ አካባቢዎች የዱር እንስሳት ጠባቂዎችም ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ክላሽ ይዞ የሚሰማራ ሰው ለመጠጋት፣ ለመታገሥ፣ ወንድና ሴቷን፣ ነፍሰ ጡሯንና ጥጃዋን ለመለየት የሚያስገድደው ነገር የለም። መንጋው ላይ ያርከፈክፋል፤ የወደቀውን ይወስዳል፤ የቆሰለው ጫካ ገብቶ ለጅብ ይቀራል።

ገበሬውስ? ለእሱ መልሱ የሚጀምረው እውነቱን ከመናገር ነው። በአብዛኛው ገጠር ክላሽ የሚያዘው ለከርከሮ ተብሎ አይደለም። ጸጥታው ስለማያስተማምን፣ ጎረቤት ስለታጠቀ፣ ከብት ስለሚዘረፍ፣ ክብርም ስለሆነ ነው። እነዚህ ምክንያቶች ከባድ ናቸው፤ ውይይትም ይገባቸዋል። ነገር ግን ውይይቱ በራሱ ስም ይካሄድ። መንግሥት የጸጥታ ኃላፊነቱን ሳይወጣ ሰውን ትጥቅ ፍታ ማለት አይችልም፤ ሰውም የደኅንነት መሣሪያውን በአደን ስም ማስመዝገብ የለበትም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለደኅንነት የመጣው ክላሽ ፓርክ ውስጥ ይገባል፤ ለአደን የተሰጠው ፈቃድም ለሌላ ነገር ይውላል።

ማሳውን ከከርከሮ ለሚጠብቅ ገበሬ አንድ ጎራሽ ወይም ባለ ሁለት አፍ ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ለጥገና ቀላል ነው፣ ጥይትም አይፈጅም። ዝንጀሮውንም የሚያባርረው ከጥይቱ ይልቅ ድምፁና ጠባቂው ነው፤ የገጠር ልጅ ሁሉ በወንጭፍ የሚያውቀው ነገር ነው።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አውጥታለች። አዋጅ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር የሚያደርገው ከሥሩ የሚሠራው ዝርዝር ሥራ ነው። ለአደን ወይም ለማሳ ጥበቃ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የሚሞላው ቅጽ ቢያንስ ሦስት መስመር ይኑረው፤ የአውሬው ስም፣ የጠመንጃው አጎራረስ፣ የካዝናው መጠን። ሦስቱ እርስ በርስ ካልተጣጣሙ ፈቃጁ ባለሥልጣን የመከልከል ግዴታ ይኑርበት። ለቆቅ 30 ጎራሽ የሚጠይቅ ሰው ምን ሊያድን እንደፈለገ ጠመንጃው ከእጁ ሳይገባ በፊት ይጠየቅ። ኖርዌይ ውስጥ ያልተጠየቀው ይህ ነበር።